ፓዱን የገደለው ርካሽነቱ አይደለም

ሰሞኑን የመኪና ፖሊሽ የምንሠራ ሰዎች ከስልክ ስልክ ስንቀባበለው የሰነበትነው አንድ ጽሑፍ አለ። የፖሊሽ ማሽን ፓድ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ተለጥፎ ቀለሙን የሚፈትገው ክብ ስፖንጅ፣ ለምን ቶሎ እንደሚበላሽና ዕድሜው እንዴት እንደሚረዝም ሰባት ምክሮች ይሰጣል። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። ምክሮቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው። ፓድ የሚበላሸው ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ስለዚህ ውዱን ግዙ። ኮምፓውንድ፣ ማለትም ጭረት የሚያጠፋውን ቅባት፣ ሳትሰስቱ አጠጡት። ፍጥነቱን ከፍ አድርጋችሁ ቶሎ ጨርሱ። የፖሊሽ ማሽን ካጣችሁ ግራይንደርም ይሠራል። ጠርዝና ፕላስቲክ በፕላስተር መሸፈን ጊዜ ማባከን ነው። አንድ ጥሩ ፓድ ለአንድ መኪና ይበቃል። ሥራው ሲያልቅ ፓዱ በፈላ ውሃና በዱቄት ሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

ጸሐፊው ለጀማሪዎች አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል። አጻጻፋቸውም ደስ ይላል። ግን እነዚህን ሰባት ምክሮች አንድ በአንድ የተከተለ ልጅ በሳምንት ውስጥ ፓድ አልባ ይሆናል። የሰው መኪና ቀለምም አብሮ ይሄዳል።

እኔ የምሠራበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ሽቦ ተወጥሯል። የሞቱ ፓዶች የምሰቅልበት ነው። አዲስ ልጅ ሲመጣ ከማሽኑ በፊት የማሳየው እሱን ነው። ለጸሐፊውም የምመልሰው ፓዶቹን ከሽቦው እያወረድኩ ነው።

ውድ ግዙ ስለሚለው

ሽቦው ላይ መጀመሪያ የተሰቀለው ብርቱካናማ ፓድ ውድ ነበር። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ያመጣልኝ ነው። አንድ ቀን እንኳ አላገለገለኝም። ጥቁር ኮሮላ ጣራ ላይ ነበርኩ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው፣ ግቢው ጥላ የለውም። ባለቤቱ ለሠርግ ስለሚፈልገው ተጣድፌያለሁ፣ ማሽኑን በሁለት እጄ ተጭኜዋለሁ። የሚረዳኝ ልጅ «ጋሼ፣ የሆነ ነገር ይሸታል» አለኝ። «ጎረቤት ቆሻሻ እያቃጠሉ ነው፣ ሥራህን ሥራ» አልኩት። ሁለት ደቂቃ አልቆየም። ፎሙ ተገንጥሎ በረረና የቆርቆሮ አጥሩን መታ። ማሽኑ ላይ የቀረው ቬልክሮው ብቻ ነው። እኔ ደንግጬ እስካጠፋው ድረስ ጣራው ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጭረት አስቀምጧል።

የሸተተው ሙጫው ነበር። ልጁ ልክ ነበር፣ እኔ አልሰማሁትም።

ፓድ ማለት ሦስት ነገር ነው። ፊቱ ፎም ነው፣ ወይም ሱፍ፣ ወይም ማይክሮፋይበር። ጀርባው ፕሌቱን፣ ማለትም ፓዱ የሚለጠፍበትን የማሽኑን ክብ ሳህን፣ የሚይዘው ቬልክሮ ነው። በመሃላቸው ሙጫ አለ። ውዱም ርካሹም እንዲሁ ነው። ፎሙ የሚሠራበት ፖሊዩሬታን የስፖንጅ ፍራሽ የሚሠራበት ነገር ነው። ስፖንጅ ፍራሽ ላይ የተኛ ሰው ለምን እንደሚያልበው እናውቃለን፣ ሙቀት አያሳልፍም። ፓዱና ቀለሙ ሲፋተጉ የሚፈጠረው ሙቀትም መውጫ ያጣና ፎሙ ውስጥ ይጠራቀማል። ጠርዙ ነፋስ ያገኛል፣ መሃሉ ግን አያገኝም። ብዙ ፓዶች መሃላቸው የተበሳው ለዚህ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም። ሙቀቱ ሙጫው ጋ ሲደርስ ሙጫው ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ ፎሙ መቼ እንደሚበር የጊዜ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ስንት ብር ነው የሚለው ሳይሆን ስንት ሞቀ የሚለው ነው። ሙቀቱን የሚያመጣው ደግሞ እጃችን ነው። ስንጭን፣ ስንቸኩል፣ አንድ ቦታ ላይ ስንቆይ፣ በፀሐይ ስንሠራ ነው።

እኔ አሁን አንድ ክፍል በጨረስኩ ቁጥር ሁለት ቦታ እነካለሁ። የእጄን ጀርባ ቀለሙ ላይ አሳርፋለሁ። ለብ ካለ ደህና ነው፣ እጄን ማቆየት ካልቻልኩ ግን አልፌዋለሁ ማለት ነው። ከዚያ ፓዱን ነቅዬ በቬልክሮው በኩል መሃሉን እነካለሁ። ቀለሙ ለብ ብሎ የፓዱ መሃል የሚያቃጥልበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ማንም አይፈትሽም።

ጸሐፊው ፈጽሞ ተሳስተዋል አልልም። አንዴ ሲታጠብ ቬልክሮው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ የሚላቀቅ ፓድ በእውነት ገበያ ላይ አለ። እኔም ገዝቼ ተቃጥያለሁ። ስትገዙ የጠርዙን ቬልክሮ በጥፍራችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሞክሩት። እዚያው ከተነሳ ለሻጩ መልሱለት። ከዚህ አልፎ ግን ገንዘብ የእጅን ጥፋት አያርምም።

ኮምፓውንድ አጠጡት ስለሚለው

ፓድ ፍርፍር አይደለም፣ አይርስም።

ይህ ምክር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ደረቅ ፓድ ፎሙ ይቦጫጨቃል፣ ይህ እውነት ነው። አዲስ ፓድ ሲወጣ ፊቱ ላይ ትንሽ ኮምፓውንድ ጠብ አድርጎ በጣት ስስ አድርጎ መላ ፊቱን ማዳረስ ያስፈልጋል። ይህ የሚደረገው ግን አንዴ ነው፣ ሥራው ሲጀመር። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ክፍል ሽምብራ የምታህል ጠብታ ሦስት ወይም አራት ይበቃል። ክፍል የምለው ጎኑ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ነው። ኮፋኖውን በአንድ ጊዜ ለመጨረስ የሚሞክር ሰው ሁልጊዜ ኮምፓውንድ ያበዛል፣ ምክንያቱም ግማሹ ጋ ሲደርስ ይደርቅበታል።

ሲበዛ ምን ይሆናል? ፎሙ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ይሞላሉ። የተሞላ ፎም ይከብዳል፣ ይለሰልሳል፣ አይነፍስም። ሲዞር ክብደቱ ወደ ውጭ ይጎትተዋል፣ ጎኑ ይሰነጠቃል። ትርፉ ኮምፓውንድ ደግሞ ሲሞቅ ይደርቅና ፊቱ ላይ ቅርፊት ይሠራል። ያ ቅርፊት ጭረት ልታጠፉ በሄዳችሁበት ቀለም ላይ ሌላ ጭረት ይጨምራል። ሽቦው ላይ አንድ ቢጫ ፓድ አለ፣ ሲነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ ቋ ይላል። የሞተው በጥጋብ ነው።

ፍጥነትና ግራይንደር

እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ የሚበላሸው ፓድ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ተራ ፍጥነት። ሁለት ዓይነት ማሽን አለን። ሮታሪ የምንለው በአንድ ዘንግ ላይ ቀጥ ብሎ የሚዞረው ነው። ዲኤ የምንለው ደግሞ እየዞረ እየተወዛወዘም የሚሄደው ነው። ሮታሪ ላይ ኮምፓውንዱን ለማዳረስ 600 አካባቢ፣ ለመሥራት ከ1,000 እስከ 1,500 ዙር በደቂቃ ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው። ዲኤ ላይ ከ1 እስከ 6 ያለው ቁጥር 4 ወይም 5 ላይ ይሆናል። ጸሐፊው ፍጥነት ሲጨምር ሥራው ቶሎ ስለሚያልቅ ፓዱ ብዙ አይሠራም ይላሉ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን ፓድ የሚሞተው በሰዓት ብዛት ሳይሆን በሙቀት ነው ብለናል። በዝግታ አንድ ሰዓት የሠራ ፓድ ታጥቦ ነገም ይሠራል። በሙሉ ፍጥነት 10 ደቂቃ የተፈተገ ፓድ ሽቦዬ ላይ ነው ያለው።

የእጅ ጉዞም አለ። ማሽኑን በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አንቀሳቅሱት። ይህ ከምታስቡት በጣም ያዘግማል። መቆም ግን የለበትም። ያቆማችሁበት ቦታ ይጋላል።

ዲኤ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ። በማርከር ፕሌቱ ጎን ላይ አንድ ጥቁር መስመር አስምሩ። ስትሠሩ መስመሩ ሲዞር ይታያችኋል። ብዙ ከተጫናችሁ፣ ወይም ማሽኑ ከተጋደለባችሁ፣ መስመሩ ባለበት ይቆማል። ማሽኑ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ፓዱ ግን አይዞርም። እዚያው ቆሞ ራሱን ያበስላል። ጭረቱም አይጠፋም። ይህችን መስመር ካሰመርኩ ወዲህ ልጆቹን «አትጫኑ» ብዬ መጮኽ ትቻለሁ፣ መስመሯ ትነግራቸዋለች።

አሁን ግራይንደር። ፕሌቱ ስለሚገጥም ይሠራል ይላሉ። መግጠሙን ይገጥማል። የብዙ ግራይንደርና የብዙ ሮታሪ ማሽን ክር ሁለቱም 14 ሚሊ ሜትር ነው። የገጠመ ሁሉ ግን የተሠራለት አይደለም። ተራው ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር አካባቢ ይዞራል። የፎም ፓዶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 በታች ለሚዞር ማሽን የተሠሩ ናቸው። እስቲ አብረን እናስላው። 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፓድ 1,200 ዙር ላይ ጠርዙ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ይህ እንግዲህ የከተማ መኪና ነው። ያው ፓድ 11,000 ላይ ሲሆን ጠርዙ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ፎሙን ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል ደግሞ ከ80 እጥፍ በላይ ይሆናል። በሙጫ የተያያዘ ስፖንጅ ነው እኮ! ሲበተን ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አይመርጥም። ዓይን አለ፣ ልጅ አለ፣ የጎረቤት መስታወት አለ። ትልቅ ፓድ ለማስገባት መከላከያውን መፍታት ግድ ስለሚሆን ነገሩ ይብሳል።

ይህን ምክር ጸሐፊው ከጽሑፋቸው ቢሰርዙት ደስ ይለኛል። ሌላው ላይ መከራከር እንችላለን፣ እዚህ ላይ ግን ክርክር የለም። ማሽን የሌለው ሰው በእጁ ቢያሸው ይሻለዋል።

ፕላስተር ጊዜ ማባከን ነው ስለሚለው

ሽቦው ላይ ካሉት ውስጥ አምስቱ የተቀደዱ ናቸው። ማን ቀደዳቸው? አንዱን የአንቴና እግር፣ አንዱን የኋላ ባጅ፣ ሌላውን የሰሌዳ ጠርዝ፣ ሁለቱን ኮፋኖ ላይ ያለችው የዝናብ መጥረጊያ ውሃ መርጫ። ትንሽ ናት፣ አትታይም፣ እንደ ምላጭ ትቆርጣለች። ፎም አንዴ ጠርዙ ላይ ከተቆረጠ መጠገኛ የለውም። ቁርጡ በየዙሩ ይሰፋል።

የወረቀት ፕላስተር ዙሪያውን ለመለጠፍ 15 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ባጁ፣ የፍሬቻው ጠርዝ፣ የስፖኪዮው ሥር፣ የበሩ እጀታ፣ ጥቁር ጎማና ፕላስቲኩ ሁሉ ይሸፈናል። አንቴናው የሚነቀል ከሆነ ነቅዬ አስቀምጣለሁ። የፕላስተሩ ጥቅም ለፓዱ ብቻ አይደለም። የበርና የኮፋኖ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ነው። የፋብሪካ ክሊር፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ራሱ በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፣ ከአንድ የፀጉር ዘለላ የሚቀጥን ማለት ነው። ጠርዝ ላይ ከዚያም ይሳሳል። ፓራውልት ደግሞ ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀቱን እንደ ቆርቆሮ አያሰራጭም፣ እዚያው ይዞት ይቆያል። እዚያ ላይ ፍጥነት መቀነስ ነው።

ሮታሪ የያዘ ሰው ደግሞ የፓዱን አዟዟር ያስተውል። ጠርዝ ላይ ሲደርስ ፓዱ ከቆርቆሮው ወደ ውጭ እየወጣ ይዙር እንጂ ከውጭ ወደ ጠርዙ እየገባ አይዙር። ሲገባ ነው የሚነክሰው። ለጠባብ ቦታ፣ ለበር ምሰሶና ለስፖኪዮ 75 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ፓድ ይዛችሁ ሂዱ። ትልቁን ፓድ ጎኑን አጋድሎ ማስገባት የተለመደ ነው። ፓድ የሚሰነጠቀውም በዚያ ነው።

አንድ ፓድ ለአንድ መኪና

ኪስ የሚያስቸግራቸውን አስበው ነው ያሉት፣ ይገባኛል። ፓድ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዋጋው ያሳስባል። ግን ሒሳቡ ተገልብጧል። አንድ ፓድ መኪናውን ሙሉ ሲሠራ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ የለውም። በላዩ ላይ ያለቀ ኮምፓውንድና የተላጠ ቀለም ይጠራቀምበታል። በሦስተኛው መኪና ያልቃል። አራት ፓድ ተራ በተራ ስትጠቀሙ አንዱ ሲሠራ ሦስቱ ይቀዘቅዛሉ። አራቱ አብረው የሚቆዩት ዕድሜ፣ አንድ በአንድ እየገዛችሁ ከምትጨርሷቸው አራት ፓዶች በጣም ይበልጣል። እኔ ለአንድ መኪና ከአራት እስከ ስድስት ይዤ እገባለሁ።

በየክፍሉ መሃል ማጽዳትም አለ። ለፎም ለስላሳ ብሩሽ፣ ወይም ንጹሕ ፎጣ በእጅ ይዞ ማሽኑን በዝግታ እያዞሩ ለአምስት ሰከንድ ያህል ፊቱ ላይ መጫን። ጠንካራ የብረት ወይም የልብስ ብሩሽ ፎሙን ይነቅላል። ለሱፍና ለማይክሮፋይበር ኮምፕረሰር የሚያህል የለም፣ ግን ከራቅ ብሎ በአግድም ይነፋ። አፍንጫውን አስጠግቶ ፎም ላይ የሚነፋ ሰው ፎሙን ራሱ ይበሳዋል።

ያልተነገረው ፕሌት

ጽሑፉ ስለ ፕሌቱ አንድ ቃል አላለም። የገረመኝም ይሄ ነው። ከሽቦዬ ላይ ሦስቱ የሞቱት ምንም ሳያጠፉ በፕሌት ጥፋት ነው።

የፕሌቱ ትናንሽ መንጠቆዎች ፕላስቲክ ናቸው። ሲሞቁ ይተኛሉ። ከተኙ ፓዱን አጥብቀው አይዙም፣ ፓዱ ፕሌቱ ላይ ይንሸራተታል፣ መንሸራተቱ ሌላ ሙቀት ይፈጥራል። ከዚያ ሰው ፓዱን ይረግማል፣ ሌላ ፓድ ይገዛል፣ እሱም ይሞታል። ፕሌቱን አገላብጦ የሚያይ የለም። መንጠቆዎቹ መሃል ላይ አብረቅርቀው ልስልስ ካሉ ቀይሩት። ከፓድ ሁሉ በፊት ይቀየር።

ልኩም አለ። ፕሌቱ ከፓዱ ትንሽ ማነስ አለበት፣ ለምሳሌ 125 ሚሊ ሜትር ፕሌት ለ150 ፓድ። እኩል ከሆኑ ጠንካራው የፕሌት ጠርዝ ቀለሙን ይመታል። ፕሌቱ በጣም ካነሰ የፓዱ ጠርዝ ድጋፍ ያጣና ይወዛወዛል፣ ይቀደዳል። ፓዱም መሃል ለመሃል ይለጠፍ። በትንሹ ዘንበል ካለ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ጎኑ ብቻ ያልቃል።

ለሻይ ስትወጡ ፓዱን ንቀሉት። ማሽኑን በፓዱ ላይ አቁማችሁ አትሂዱ፣ ፎሙ ተጨፍልቆ ይቀራል። ስትነቅሉም ከቬልክሮው ጠርዝ ያዙ እንጂ ፎሙን ጨብጣችሁ አትጎትቱ። ማሽኑን ስታስነሱም ስታጠፉም ፓዱ ቀለሙ ላይ ይረፍ። አየር ላይ በሙሉ ፍጥነት የሚለቀቅ ፓድ መብረር ይወዳል።

የፈላ ውሃና ፀሐይ

እዚህ ላይ አልደክምም። ሙጫው በሙቀት የሚላቀቅ ከሆነ የፈላ ውሃ ምን እንደሚያደርገው ግልጽ ነው። ለብ ያለ ውሃና ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይበቃል። የዱቄት ሳሙና ሳይሟሟ የቀረ ፍሬው ፎሙ ውስጥ ይደበቅና ነገ ቀለም ላይ ይወጣል። አንዳንድ ልጆች በረኪና ጠብ ያደርጋሉ፣ ሌላው ደግሞ የደረቀ ኮምፓውንድ በቲነር ያለቅቃል። በረኪናው ፎሙን፣ ቲነሩ ሙጫውን ይበላዋል። እንደ ልብስ አትጠምዝዙት፣ በሁለት መዳፍ መሃል ጨመቅ ጨመቅ ይደረግ። ሥራው እንዳለቀ ወዲያው ይታጠብ፣ አንድ ሌሊት ካደረ ኮምፓውንዱ ድንጋይ ይሆናል።

ፀሐይ ፖሊዩሬታንን ቢጫ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ፎሙ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። እኔ ጥላ ውስጥ፣ ወንፊት መሰል ነገር ላይ ፎሙን ወደ ታች ቬልክሮውን ወደ ላይ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ውሃው ከሙጫው ርቆ ወደ ታች ይወርዳል። ሲደርቅ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይገባል። ግንባታ ያለበት ሰፈር የምትሠሩ ይህን አትርሱ፣ የሲሚንቶ አቧራ የተኛበት ፓድ ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው። በዚያው ምክንያት መኪናው በደንብ ሳይታጠብና ቀለሙ ላይ የተጣበቀው ነገር በክሌይ፣ ማለትም ቆሻሻ እየለቀመ በሚያነሳው ጭቃ መሰል ነገር፣ ሳይነሳ ማሽን አይነሳም።

ዛሬ ጠዋት ሽቦውን ቆጠርኩት። አሥራ ሦስት ፓድ አለ። ሁለቱ ብቻ ናቸው በርካሽነታቸው የሞቱት። የቀሩት አሥራ አንዱን ማን እንደገደላቸው አውቃለሁ፣ አራቱን ራሴ ነኝ። ጸሐፊው አዲስ አበባ ካሉ አንድ ቀን ብቅ ይበሉና አብረን እናውርዳቸው። ሻዩ በእኔ ነው፣ ግራይንደሩን ግን ቤት ትተውት ይምጡ።